ሞክሼ

እኛ ሰፈር፣ ቆጪ፣ ሁለት ሸምሱ ነበሩ፣
በአንድ አጥር የተለዩ፣ አንድ ቧንቧ የሚጋሩ፤
«ሸምሱ!» ስትል አንዷ በምሽት ከደጇ
ሁለት ልጅ ይሮጣል፣ አንዱ ብቻ ልጇ።
የአንዱ አበዳሪ ከሌላው በር ቆሞ
ሲሟገት ያመሻል፣ ስም ብቻ ተሸክሞ።

ሦስተኛው ሸምሱ ግን ጅሬን ነበር ቤቱ፣
ከዳገቱ ማዶ፣ ርቆ ከሁለቱ፤
ማንም አልተደናገረ፣ ማንም አልተሳሳተ፣
የእናቱ ጥሪ እኛ ጋ ሳይደርስ እየሞተ።

ሥራዬን የተማርኩት ከዚህ ነው መጀመሪያ፤
ኮሌጅ የጨመረልኝ ቁጥርና ማስያ።

ሰማይ ሰፊ ይመስላል። የኛ ድርሻ ግን ጠባብ፣
ተለክቶ የተሰጠ፣ እንደ ሂርማታ መደብ።
ይህችን ቁራጭ ሰማይ ለስንት ሺህ አፍ ላካፍል?
አንድ ረጅም ምሰሶ ጅሬን ላይ ብተክል
ጥቂት ሰው ያወራል፤ የቀረው ይሰለፋል፣
ጅማ በሙሉ ወሬውን አፉ ውስጥ ይዞ ያድራል።

ስለዚህ አሳጠርን፣ አበዛን፣ ድምፃቸውን ዝቅ፤
አንዱን አዌቱ ዳር፣ አንዱን ከአጂፕ ፎቅ፣
አንዱን ቦሳ አዲስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ጎረቤት ለጎረቤት ሞገድ እየለያየን።
ራቅ ሲል ግን ያው ስም፣ ያው ሞገድ ይመለሳል፤
ቆጪ የለበሰው ቦዬ ላይ ይለበሳል።

ከጮህክ ሞክሼህን ታጠፋዋለህ። ነገሩ ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዴ ተሳስቼ፣
ለሁለት ጎረቤት አንድ ሞገድ ሰጥቼ፣
መንቲና በሙሉ ሲያወራ ሦስት ቀን
ድምፁ እንደ ቆሎ ተንጣጣ፤ ተረገምን።
በርበሬ ሻጯ መፍቱሃ ቢሯችን ድረስ መጥታ
«ልጄ ከቦንጋ ሲደውል ማነው ቃሉን የሚበላው?» አለች፣ ተቆጥታ።
ዝም አልኩ። የበላሁት እኔ ነበርኩ።

የባሰው ግን መንገድ ነው። ቤቱ ለተቀመጠማ ምን ችግር?
ባጃጅ ላይ ያለ ሰው ነው የሚያስቸግር፤
ከሰቃ የተነሣ፣ ወሬውን እንደ ያዘ፣
ምሰሶው ከኋላው እየራቀ፣ እየፈዘዘ።
ስልኩ ግን ሳይነግረው ዙሪያውን ያደምጣል፣
የሰማውን ለምሰሶው በሹክሹክታ ያመጣል፤
አዲሱ እጁን ሲዘረጋ የፊተኛው ይለቃል፤
ቃሉ መሐል ላይ ነው፣ ሰውየው መቼ ያውቃል?

ትናንት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ዝናብ ቆርቆሮ ላይ፤ ጄኔሬተር፤ የጠፋ መብራት።
ከሰቃ አንድ ጥሪ ተነሣ። ቁጥር ነው የማየው፤
ድምፅ የለው፣ ስም የለው፤ ቢኖረውም አልሰማው።
አርባ አንድ ደቂቃ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር፣
አምስት ጊዜ ተቀባብለውት፣ አንዴ ሳይሰበር፤
ኮረብታው ሲጋርደው ቀጠነ፣ ሊጠፋ ሲል ሳየው
ተነሣሁ ከወንበሬ፣ የምደግፈው ይመስል፣ «አይዞህ» ልለው።

ቦሳ አዲስ ያዘው።
ከዚያ አዌቱ። ከዚያ ሆስፒታሉ አጠገብ ቆመ፤
ሁለት ደቂቃ እዚያው፣ ከዚያ ዝም። ተፈጸመ።

ማን ነበር? የምታምጥ ሴት፣ ከአዋላጅ ጋር በስልክ?
ወይስ ሰካራም፣ ለቀድሞ ሚስቱ የሚንበረከክ?
አላውቅም። አይመለከተኝም። መዝገቡ የሚለው
አንድ መስመር ብቻ፦ «ጥሪው በሰላም ተዘጋ» ነው።

ጠዋት ስወጣ፣ ቆጪ መታጠፊያ፣ ጭቃው እንደ ሙጫ፣
አንዲት ሴት «ሸምሱ!» አለች፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ ሩጫ።
ዞርኩ።
ያኛውም ዞረ፣ ከዳቦ ቤቱ በር፣ ዱቄት እንደ ለበሰ።
የማንኛችን ነሽ? አልን በዓይን፤ ማንም አልመለሰ።
እሷ ግን መሐላችንን ሰንጥቃ አለፈች፤
የጅሬኑ ሸምሱ ነው፣
ዳገቱን ወርዶ ከኋላችን የቆመው።